ዓይን ተጨፍኖ የታየ ፊልም

ልጄ የሠራችውን ፊልም አብዛኛው የጉባኤያችን ሰው ያየው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አስተያየት ለመስጠት ግን ማንም ወደኋላ አላለም።

ከአገሬ ወጥቼ በምኖርባት ከተማ፣ ጉዴሌ በሚባል ሰፈር፣ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ማንበብ የቻልኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ብቻዬን ታግዬ ነው። ለዚህ ይሆናል ልጆቼ ጊዜያቸውን በከንቱ ሲያጠፉ ማየት የማልወደው። ፊልምንም ከከንቱ ነገር እቆጥረው ነበር። ዛሬም ከዚያ አስተሳሰብ ጨርሼ ወጥቻለሁ ብል እዋሻለሁ።

ትልቋ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ሆና በስልክ ካሜራ አስፈሪ ፊልም ቀረጸች። ሜዳ ላይ አንድ የብረት በር ብቻውን ቆሟል፤ ግድግዳም ጣሪያም የለውም። በሩን ከእኔው ወርክሾፕ ነው የወሰዱት። ከበሩ ኋላ አንዲት ሴት ምንጣፍ አንጥፋ ቤት ውስጥ እንዳለች ሁሉ ታበስላለች፣ ትተኛለች። በሩ ይንኳኳል። ከፍታ ስታይ ደጁ ላይ ማንም የለም። ርቀው ግን የዱቄት ጆንያ ፊታቸው ድረስ ያጠለቁ ሰዎች ቆመዋል። በሩን ዞረው መምጣት ይችላሉ፤ አይመጡም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ትንሽ ቀረብ ብለው ይታያሉ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሷ ጆንያ አጥልቃ፣ ልብሷ ደም በደም ሆኖ፣ ከውጭ ቆማ ታንኳኳለች። ፊልሙ ይኸው ነው።

ልጄ በየእሑዱ የጉባኤያችንን ሕፃናት ታስተምር ነበር። መዝሙሩ አልቆ ስብከት ሊጀመር ሲል ትነሣለች፤ ሕፃናቱም ተከትለዋት ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የኒም ዛፍ ጥላ ይሄዳሉ። ከዚህ ሥራ አስበልጣ የምትወደው ነገር አልነበራትም። የፊልሙ ወሬ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሲደርስ እኔን አስጠሩኝ።

«ሕፃናት የምታስተምር እህት የአጋንንት ፊልም ሠራች እየተባለ ነው» አሉኝ። «ጉባኤው ይየውና ይናገር። የማያንጽ ሆኖ ከተገኘ፣ አንተ ስሕተት ነው በል፣ እሷም ፊልሙን ትተወው። እምቢ ካላችሁ የሕፃናቱን ክፍል ትለቃለች።»

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ታየ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሮ፣ ቆርቆሮው ሥር ታፍነን ተቀመጥን። በሩ መንኳኳት ሲጀምር ከፊት የነበሩ አንዲት እናት ብድግ ብለው «በኢየሱስ ስም!» ብለው ጮኹ። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው መንፈስ መገሠጽ ከጀመረ ሌላው ቁጭ ብሎ አያይም፤ ተነሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ያግዛል። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። እጅ ሁሉ ወደ አንሶላው ተዘረጋ፤ የእጆቹም ጥላ ጆንያ ባጠለቁት ሰዎች ላይ አረፈ። ከፊልሙ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ያ ጥላ ነው። ጸሎቱ እየጋለ፣ ፊልሙም በራሱ ጊዜ እየሄደ፣ አለቀ።

ብርድ ልብሶቹ ሲነሡ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ያላገባች ልጅ በሽማግሌዎች ፊት የምትጠየቀው በአባቷ በኩል እንደሆነ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ሲጠይቁህ ስሕተት ነው በልልኝ። ፊልሙን እተወዋለሁ። ልጆቹን ግን መተው አልችልም።»

«ስሕተት ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያ እንዴት ብዬ?»

«አባዬ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

ሰብሳቢው ሽማግሌ አስተያየት ያለው ይነሣ አሉ፤ ሰዉም እንደ ምስክርነት ቀን እየተነሣ «ጌታ ይመስገን» እያለ ጀመረ። ቶንፒንግ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ወጣት ቀደመ።

«ጌታ ይመስገን። እኔ ጥያቄ ነው ያለኝ። ጭራቁ የት አለ? አስፈሪ ፊልም ተብለን መጥተን በር አየን። በር ለማየትማ የወንድማችን ወርክሾፕ አለ አይደል?»

ሰው ሳቀ። ቀጥለው የገሠጹት እናት ተነሡ።

«እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔን አልገለጥኩም። መጨረሻው ግን ጨርሶ አላማረኝም።»

«ሳያዩ እንዴት አላማረዎትም?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝም በል አንተ! በመንፈስ ነው ያየሁት።»

ሙስሊሙ ጎረቤቴ፣ ጅምላ ሻጩ፣ እኔ ጋብዤው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «እኔ እንግዳ ነኝ፤ ልናገር?» አለ። «ደሙ ከርከዴ ነው፣ ያ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ቀይ አበባ። ከእኔ ሱቅ ነው የወሰዱት፣ ዘፍዝፈው ሲያዘጋጁትም አይቻለሁ። ወላሂ፣ ከርከዴ መሆኑን እያወቅሁ ፈራሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

ሌሎችም ተናገሩ። አንዱ ጆንያው እኛን ለመስደብ ነው አለ። ሌላዋ ሴትዮዋ ስላልጸለየች የመጣባት ነው አለች። ሰብሳቢው በየመሐሉ «ትምህርቱ ግን ምንድን ነው?» ይላሉ።

ከዚያ ከወርክሾፔ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴት ተነሣች። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ጋምቤላ አድጋ የተመለሰች፣ የአገሩ ጦርነት ከቤቷ ካፈናቀላት ወዲህ ማንጋቴን በሚባል የተፈናቃዮች መጠለያ የምትኖር። «ጌታ ይመስገን» አላለችም።

«እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም» አለች። «በሩ ልክ ነው። ቤቱ ሄዶ በሩ ብቻ ሲቀር አይቻለሁ። ጆንያውም ልክ ነው፣ ፊታቸው አይታይም። አንድ ነገር ብቻ ውሸት ነው።» ወደ ልጄ ዞረች። «አያንኳኩም፣ ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ። የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። እነሱ አያንኳኩም።»

ልጄ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» አለች።

«ምን አጠፋሽ? ሌላው ልክ ነው እኮ አልኩሽ። ካላስ፣ በቃ።» ተቀመጠች።

ሰብሳቢው አንገታቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ? የእህታችን ቁስል ተነካ።»

«ቁስሌን የነካችው እሷ አይደለችም» አለች ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት።

ይህን ያልሰሙ መስለው ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድማችን፣ የቤትህ ራስ አንተ ነህ። አስተያየትህን እንስማ። ስሕተት ነው?»

ልጄ ክፍሏን የምታተርፍበት ቀላል መንገድ እንደተሰጠኝ ገብቶኛል። ልጄ ጫማዬን በጫማዋ ነካ አደረገችኝ።

«ጥሩ ሥራ አይደለም» አልኩ። «ድምፁ አይሰማም፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ያለ አግባብ ረዝሟል። እኔ አልወደድኩትም። ስሕተት ነው ብዬ ግን አልናገርም። እኔም ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ከመንኳኳቱ በቀር ውሸት አላየሁበትም።»

«እንግዲህ ራስህ ወሰንክ» አሉኝ። በዚያው ተበተንን።

ዝናብ የከረመበትን የጉዴሌን ጭቃ እየመረጥን ስንሄድ ልጄ ኋላዬ ነበረች።

«አንድ ቃል ነበር የለመንኩህ» አለችኝ።

«የውሸት ቃል ነው የለመንሽኝ።»

«ለእኔ ስትል እንኳ?»

«ለአንቺ ስል ነው እምቢ ያልኩት።»

በአባቷ ውሸት ቦታዋን ያስጠበቀች አስተማሪ፣ ለሕፃናት «አትዋሹ» ብላ ማስተማር አትችልም። ይህን ያኔም አምኛለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ፣ ነገ ብጠየቅም ያንኑ እናገራለሁ። ማመኔ ግን የልጄን ፊት አልመለሰልኝም። ሳምንቱን ሙሉ ምሳዬን አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ትመለስ ነበር። ስናገራት ትሰማለች፤ የምትመልሰው «እሺ» ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ መዝሙሩ ሲያልቅ እንደ ልማዷ ልትነሣ ከወገቧ ቀና አለች፤ ወዲያው ትዝ ብሏት ቁጭ አለች። ከፊት የተነሣው ያ የሆቴል ሠራተኛ ነበር፤ ክፍሉን ለእሱ ሰጥተውታል። ሕፃናቱ ወጡ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከመሐላቸው ተመልሳ ልጄ ፊት ቆመች።

«ዛሬ አንቺ አትመጪም?»

«ሂጂ፣ እሱ ያስተምራችኋል።»

ልጅቷ እየዞረች እያየቻት ሄደች። ሰባኪው መጽሐፉን ገለጠ፤ እኛም ገለጥን። ልጄ የገለጠችው ገጽ የተባለው ገጽ እንዳልሆነ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ ከዛፉ ጥላ የሕፃናቱ መዝሙር ተሰማ። እሷ ያስተማረቻቸው መዝሙር ነው።

«ዜማውን እንደ ራሱ ወፍራም ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው ያስጀመራቸው» አለች ልጄ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ይከብዳቸዋል።»