ቫኒላው እስኪደርስ

ልጄ ጠርሙሶቹን መጀመሪያ ያመጣ ቀን ቤቴ አላስገባም ብዬ ነበር። «መርዝ ነው» አልኩት። ጓንት አድርጎ ሲነካው እያየሁ ሌላ ምን ልበል? እሱ ግን ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «እማ፣ ሲጋራው ይሻልሻል?» አለኝ። ሲጋራውን ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ጀምሮት፣ በዚህ ዕድሜው ደረጃ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል። በስልክ ስናወራም ሳሉ ቃሉን እየቆረጠ ያስቀረዋል። ምን ላድርግ፣ አስገባሁት።

እሱ የሚኖረው እዚሁ ጀርመን፣ ከከተማችን ዳር ጻይልስሃይም ነው፤ እንደሱ የአረጋውያን እንክብካቤ ከሚማሩ ልጆች ጋር ቤት ተጋርቶ። ክፍሉ ጣራ ሥር ስለሆነ በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል። ሲጋራውን ለመተው ብሎ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ሲጀምር፣ የሚሞላበትን ፈሳሽ ራሱ ነበር የሚቀምመው። ሊኪድ ይለዋል። ይህ ሊኪድ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን አይወድም። እኔ ጋሉስ በሚባለው ሠፈር የተከራየሁት ቤት መኝታ ክፍሉ ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ስለ ጨለማው ለአከራዩ ስንት ጊዜ አቤት ብያለሁ። ልጄ ግን ቁም ሣጥኔን ከፍቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና «ፐርፌክት!» አለ። ያን ክፍል ያመሰገነ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩለት። ግሊሰሪን እኔ የማውቀው ለቆዳና ለፀጉር ነው። እሱ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየለካ፣ ግሊሰሪኑን ከኒኮቲኑና አሮማ ከሚሉት ማጣፈጫ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ናጠው። «አሁን መሰንበት አለበት» አለ። አለ እንጂ ራሱ አልቻለም፤ ወዲያው ሞልቶ ሳበው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ሳሙና! ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው!»

ጃኬቱን አንስቶ ወረደ። በመስኮት ሳየው ትራሙ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲጋራ ለኩሷል። መሰንበቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው። ያልደረሰ ሊኪድ ልጄን ወደ ሲጋራው ይመልሰዋል።

እሱ ሄደ፤ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ከጽዳት ሥራዬ ስመለስ ጃኬቴን ሳላወልቅ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስቼ እንጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ክዳናቸውንም በየቀኑ እከፍት ነበር። ልጅ ሆኜ ታፍኖ የተተወ ጠጅ ክዳኑን ሲያስወነጭፍ አይቻለሁና እንዳይፈነዱ ፈራሁ። ልጄ መጥቶ የሎሚውን ሲሞክረው ምንም ጣዕም አጣበት።

«ምን አደረግሽው?»

«አስተነፈስኩት።»

«አስተነፈስሽው?» ወንበሩ ላይ ተንፈራፍሮ ሳቀ። «እማ፣ ይሄ እኮ ጠጅ አይደለም! ሽታውን በሙሉ ለቀሚሶችሽ ሰጥተሽዋል።»

እውነቱን ነው፤ ቀሚሶቼ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይላሉ። እሁድ፣ ጉባኤያችን በኪራይ በሚሰበሰብበት አዳራሽ አንዲት እህት ጠጋ ብላ «ምን ዓይነት ሽቶ ነው?» አለችኝ። «የልጄ ነው» አልኳት። ቀጥላ ልጅሽ ለምን አይመጣም እንዳትለኝ፣ ቶሎ ብዬ መዝሙሩ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ክዳን የማነሳው ለማሽተት ብቻ ሆነ። እኔ አጭሼ አላውቅም፤ ጠርሙሱ ላይ የሚለጥፈውን ጽሑፍም በደንብ አላነበውም። በአፍንጫዬና በዓይኔ ነው የለመድኩት። ሎሚና ናና ቶሎ ይደርሳሉ፤ ጥቂት ቀን ይበቃቸዋል፤ ሲቆይ እንዲያውም ሎሚው ይደክማል። ቫኒላ ከወተት ጣዕም ጋር ሲሆን ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አፍንጫ የሚወጋ የአልኮል ሽታ አለው። ቫኒላው ለብቻው ወተቱም ለብቻው ይሸታል፤ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መውጋቱን ይተውና ጭራሽ ጣዕሙ የጠፋ ይመስላል፤ የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይደፋዋል። ወር ሊሞላው ሲል ውሃ የነበረው መልኩ ቀጭን ሻይ ይሆናል፤ ቫኒላውንና ወተቱንም መለየት አይቻልም።

ልጄ የሚወደው ቫኒላውን ነው። የሚመጣውም ሲደርስ ነው። ሎሚ ቢወድ ኖሮ በየሳምንቱ አየው ነበር።

«ሎሚው አይሻልህም? ለጉሮሮም ጥሩ ነው» እለዋለሁ።

«ሻይ መሰለሽ እንዴ?»

አንድ ቅዳሜ ደወለ። «እማ፣ ደረሰ? ከደረሰ ነገ ብቅ እላለሁ።» ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ጠርሙሱን ወጥ ቤት መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት፤ ገና ውሃ ነው። አሸተትኩት፤ ይወጋል። ደርሷል ብዬ ብነግረው ነገ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ እግሩን ይዘረጋል። ከዚያ መንገድ ላይ ይስበዋል፣ ሳሙና ይለዋል፣ ፌርማታው አጠገብ ካለው ኪዮስክ ይገባል።

«አልደረሰም» አልኩት።

«ኧረ? በቃ፣ ሌላ ሳምንት።»

ያን እሁድ ከአዳራሹ ስመለስ የቆመ ትራም እያለ በእግሬ ሄድኩ። ቤት ቶሎ መግባት አላስፈለገኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ልጄ ኒኮቲኑን በየጊዜው እየቀነሰ ሄደ። ሳሉም ከስልካችን ጠፋ። ከዚያ ልደውል ስል ቀድሞኝ ደወለ።

«እማ፣ ትቻለሁ። ሲጋራውንም ቬፑንም። እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» ጮህኩ መሰለኝ፤ ጎረቤት ግድግዳ መታ። ከዚህ ወዲያ ምን እጠይቀዋለሁ? እስከዛሬ የምጠይቀው ስለ ጠርሙሶቹ ነበር።

«ያ የመጨረሻው ቫኒላስ?» አለ ድንገት። ቀልድ አስመስሎታል፤ አማረው እንጂ ቀልድስ አልነበረም።

ያ ጠርሙስ ከሁሉም በላይ የቆየ ነበር። በዚያው ጠዋት አሽትቼዋለሁ። መልኩ ማር ሆኗል፤ ሽታው የዳቦ ቤት በር ሲከፈት የሚወጣውን ይመስላል። እንደዚያ ያማረ ወጥቶልን አያውቅም። ብነግረው ኤስባን የሚሉትን ባቡር ተሳፍሮ ዛሬውኑ ከች ይላል፤ ይስበዋልም።

«ተበላሽቷል» አልኩት።

«እውነት? ምን ሆኖ?»

«እኔ እንጃ። ሽታው ተለወጠ። እጥለዋለሁ።»

«ሻደ» አለ፣ ያሳዝናል ማለቱ ነው። «በይ ደህና ዋይ።»

መታጠቢያው ውስጥ መድፋት ፈራሁ። የጎረቤት ልጅ ያገኘዋል ብዬ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣልም ፈራሁ። መርዛማ ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና ሠፈራችን እስኪመጣ ጠብቄ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አንድ አዛውንት ባልዲ ቀለም ይዘዋል። ሠራተኛው ተቀበለኝና ምንድን ነው አለኝ። «ቫኒላ» አልኩት፤ ከዚያ ኒኮቲን እንዳለው ነገርኩት። ከፍቶ አሸተተና ቅንድቡን አነሳ።

«ይህን ነው የሚጥሉት?»

«አዎ።»

ከባልዲው ጎን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

እዚያው እንደቆምኩ ለልጄ ደወልኩ።

«ማክሰኞ ና።»

«ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ምንም የለም፣ ዝም ብለህ ና።»

ከኋላው አንዲት ጀርመን አሮጊት ትጣራለች፤ ሥራ ላይ ነው። «ማክሰኞ ዲንስት አለብኝ፣ ተረኛ ነኝ እማ» አለ። «ሐሙስ ግን… ሐሙስን ልይ።»

«ሐሙስ ይሁን» አልኩት። ልይ ማለት እመጣለሁ ማለት አይደለም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ሽንኩርት ገዛሁ።