የእናቴ ቦርዶ ቀሚስ

በየትኛው ዓመት እንደነበር ልክ አላስታውስም። ክረምቱ ወጥቶ እንደነበር፣ ደርግ ወጣቱን ከየቤቱ የሚለቅምበት ጊዜ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ያኔ ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እሰፋ ነበር።

ታናሽ ወንድሜን ገደሉብን። ሬሳውንም አልሰጡንም። ቀበሌ ጠርተው እንዳታለቅሱ፣ ድንኳን እንዳትጥሉ፣ ጥቁር እንዳትለብሱ አሉን።

እናቴ ዕንባዋን ዋጠችው። ጥቁሩ ላይ ግን እምቢ አለች።

"ልጄ ሞቶ እኔ ነጭ ለብሼ ልዙር?" አለችኝ።

ብሰፋላት ይወስዷታል፤ ባልሰፋላት ሐዘኑ ይጨርሳታል። ሳወጣ ሳወርድ፣ አጠገቤ ጨርቅ የሚሸጡት የወሎው ሐጂ አዩኝና ምን ሆነህ ነው አሉኝ። በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ገብተው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጣቃ አወጡ። ቦርዶ ነው፤ ጠቆር ያለው፣ ወደ ብርሃን ካላወጡት ከጥቁር የማይለይ።

ይህን ቃል ስንት ዘመን ስለው ኖሬያለሁ። የሚዜ ሱፍ ቦርዶ፣ መጋረጃ ቦርዶ፣ የሶፋ ልብስ ቦርዶ። ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሐጂ በወጣትነታቸው ከአንድ ጣልያን ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሠርተዋል። እሱ እንደነገራቸው ቦርዶ የፈረንሳይ ከተማ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ወይን፣ መጠጡም ጥቁር ቀይ። እኛ ወይን ጠጅ የምንለው ቀለም እንዳለን ሁሉ፣ እነሱም ቀለሙን በመጠጡ አገር ጠሩት። ፒያሳ ደግሞ ከጣልያኑ አፍ ወሰደችው።

"መጠጡን በአፌ አላዞርኩትም፤ ቀለሙን ስሸጥ ግን አረጀሁ" አሉኝ፣ ትንሽ ፈገግ እንድል ብለው።

የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ደብዛዛውን ወደ ውጭ አዙሬ ሰፋሁት። ቤት ውስጥ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቦርዶ።

በሳምንቱ የቀበሌው ሰው ሱቄ በር ላይ ቆመና እናትህ ጥቁር ለብሳለች ይባላል አለኝ። ሐጂ ከሱቃቸው የጣቃውን ትራፊ ይዘው ወጡ፤ ፀሐዩ ላይ ዘረጉት።

"ልጄ፣ ይኸ ቦርዶ ነው። የሸጥኩት እኔ ነኝ። የምትጠይቀው ካለ እኔን ጠይቀኝ።"

ሰውየው ጨርቁን አሸት አሸት አድርጎ አየውና ሄደ።

እናቴ ቀሚሱን እስከ ሙት ዓመቱ ለበሰችው። ድምፅ ሳታሰማ፣ በልብሷ ብቻ አዘነች። እኔ ግን ወንድ ነኝ ብዬ ሁሉንም ይዤው ቆየሁ። አንድ ቀን ከሐጂ ሱቅ ጓዳ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጬ ልቅሶው ወጣልኝ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ደንበኛ እየመለሱ ጠበቁኝ። ያን ዓመት ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጨርቅ ሻጩ ሐጂ፣ ጎረቤቴ።