ጥርሷን ትታ የጠፋችው

ላንቴ በሚባለው የሙዝ አገራችን የሙዝ ዘለላ መኪና ላይ የሚወጣው በዘፈን ነው። ስምንት ሰው ከማሳው ጠርዝ እስከ አይሱዙው ይሰለፋል። አንድ ሰው ከዳር ቆሞ ግጥም ያወርዳል፣ ሰልፉ ሁሉ “ሆ” ይላል፣ በ“ሆ”ው ላይ ዘለላው ከክንድ ወደ ክንድ ያልፋል። ባለፈው ክረምት የሚያወርድልን ሰውዬ ድምፁ ተዘጋ። እኔ ሁለት ደብተር ግጥም ሞልቼ አንድም ሰው እስከ መጨረሻው አዳምጦኝ ስለማያውቅ አለቃችን ፊት ቆምኩና “እኔ ልሞክር” አልኩ።

“አንድ መኪና ዘፍነህ አስጫን። ካቃተህ ወደ ሸክምህ” አለኝ።

ሰልፈኞቹ ስለ ፍቅር እንድዘፍን ጠብቀው ነበር። እኔን ግን ያን ሳምንት ብቻዬን ያስቀኝ የነበረው በስልኬ ያነበብኩት ነገር ነው፦ ከሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት ዛፍ ላይ የኖሩ፣ ከአይጥ ያነሱ፣ የዝንጀሮና የእኛ የሩቅ ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚባሉ ፍጥረታት። ከነዘራቸው ጠፍተዋል። የተረፈው በአብዛኛው የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጥርስ ናት።

“ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ፣ ከጥቅጥቁ ጫካ፣ ከቅርንጫፎቹ መሃል፣ ከቅጠሎቹ ሥር...” ብዬ ጀመርኩ። ስምንቱም ዘለላ አቅፈው “ሆ” የሚሉባትን ቦታ አፌ ላይ ይፈልጋሉ።

“አንተ፣ እንስሳዋ እስክትመጣ እኮ ክንዴ ተቆረጠ” አለች ከሰልፉ መሃል፣ ከኦቾሎ ተራራ ለሥራ የወረደች ሴት።

ሳቁ ተነሳ። የሚስቅ ሰው ደግሞ ዘለላ አይዝም፤ ሦስት ዘለላ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ገዢው ሀጂ ከመኪናው ጥላ ብድግ አሉ። “ልጄ፣ ሙዙ እጃቸው ላይ ሳይበስል ጨርስ።”

አለቃው በአገጩ ወደ ሸክሙ ክምር አመለከተኝ። ግጥሜን እዚያው በቁሜ ቆራረጥኩት፦

“አውራ ጣት አክላ” — ሆ!
“ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ” — ሆ!
“ትል ከፍሬ በልታ” — ሆ!
“ጥርሷን ለእኛ ትታ” — ሆ!

ዘለላው መሮጥ ጀመረ። ሴትየዋ በሁለት “ሆ” መሃል “ግን እውነት ነበረች?” ብላ ጠየቀችኝ።

“በጥርሷ እምላለሁ።”

መኪናው ከሞላ በኋላም ማቆም አቃታቸው፤ ባዶ እጃቸውን እየተቀባበሉ “ሆ” ይላሉ። ሀጂ ራሳቸው ሁለቴ ሲሉ ሰምቻለሁ።

አለቃው ላቡን እየጠረገ መጣ። “ነገም አንተ ታወርዳለህ” አለኝ። “ብቻ የምታመጣት እንስሳ ከዚች እንዳትረዝም።”