የሰባት መቶ ሰው አንድ ቁልፍ

ዳና ደከመኝ ሳይል የዋለበትን ቀን እኔ አላውቅም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደከመኝ ይላል፤ ማታ ሲዘጋ ደከመኝ ይላል፤ በመሃል ደግሞ ዝም ብሎ ይደክመዋል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ተካፍለን ሠርተናል። በበሩ በስተቀኝ እኔ ፈጠነች አለሁ፤ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። በግራ በኩል እሱ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከሶዶ መናኸሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው ሱቃችን፤ ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ጩኸት ስንጠጣ ነው የምንውለው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሰው ኮምፒውተሩን ታቅፎ ይመጣና "አልነሳ አለኝ" ይላል። ዳና ሲከፍተው የመንገዱ አቧራ ሁሉ ውስጡ ተኝቷል። ያራግፈዋል፤ ሚሞሪውን ነቅሎ ጥርሱን በላጲስ ይፈትግና መልሶ ይሰካል። ይነሳል። ደንበኛው ደግሞ "ይቺን ለመሥራት ነው እንዴ?" ብሎ ያኮርፋል። ሌላው ሃርድ ዲስኩ ያቃሰተበት ነው። ያኔ ዳና ዲስኩን ጆሮው ላይ ያስጠጋና ያዳምጣል፤ ቲክ ቲክ ካለ "ሌላ ቦታ ገልብጠሃል?" ብሎ ይጠይቃል። ገልብጫለሁ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። "መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይሄ ነገር ይሞታል፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ" እያለ ምላሱ ተላጠ። ማን ሰምቶት! እሱ ራሱስ? የራሱን ዲስክ ገልብጦ አያውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች።

ከሁሉ ያደከመው ግን ፓስወርድ ነው። ሥራ በጀመርንበት ዘመን ልጆች ከሻንቶም ከቦዲቲም እየመጡ "ኢሜይል አውጣልን፣ ፌስቡክ አውጣልን" ይሉታል፤ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለፈተና ውጤት። ያወጣላቸዋል። በሳምንቱ "ጋሼ ዳና፣ ፓስወርዱ ጠፋኝ" ብለው እያለቀሱ ከች። ሲመረው ጊዜ ለሁሉም አንድ አደረገላቸው፤ የተራራችን የዳሞታ ስም፣ ከኋላው ከአንድ እስከ አራት። ሲም ካርድ እንደ ካልሲ የሚቀያይሩ ናቸውና የማረጋገጫ ስልኩንም የራሱን አስገባ። "ቤታችሁ ስትገቡ ቀይሩት፣ ይሄ የሁሉም ቁልፍ ነው፣ ሌባ ይገባባችኋል" ይላቸዋል። እሺ ይላሉ። እሺ ብሎ መሄድን የሚያህል ምን ቀላል ነገር አለ!

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት መቶ ገደማ ሰው በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ቤት ኖረው፤ የማረጋገጫ ኮዱ ደግሞ የሁሉም ዳና ኪስ ውስጥ ነው የሚመጣው። ቸርች ጸሎት ላይ ስልኩ ቲው ይላል። ቀብር ላይ ቲው ይላል። ወዲያው ይደወላል፤ "ጋሼ ዳና፣ ኮድ መጣልህ?" አንድ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ኮድ ሲያነብ አይቼዋለሁ፤ ውሸት ከተናገርኩ አፈር ልሁን።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። በዚህ ሁሉ ዓመት የማንንም ቤት ከፍቶ አላየም። እኔ ክፉዋ አንዴ "እስኪ የዚያችን ሴትዮ ገብተህ እይልኝ፣ ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ" ብዬው፣ "ቁልፉ እኔ ጋ ተቀመጠ እንጂ ቤቱ የእኔ አይደለም" ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ረቡዕ ቀን፣ ዝናቡ ዳሞታን ከነአናቱ ውጦት ሳለ ጋሽ ዳልጮ የሚባሉ ሰው ከቦዲቲ በሚኒባስ መጡ። ከኋላቸው እማማ ቦሼ ነበሩ፣ የወንድማቸው ሚስት፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ጋሽ ዳልጮ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝና "ይሄን አሳምረሽ ተይቢልን፣ ፎቶውንም አሳድጊው" አሉኝ። አየሁት። የሕይወት ታሪክ ነው፣ ለቅሶ ላይ የሚነበበው። የማን? የኤልሳዕ፣ የእማማ ቦሼ የመጨረሻ ልጅ። ዳና ፌስቡክ ያወጣለት፣ እኔ የማመልከቻ ደብዳቤውን የተየብኩለት ያ ቀጭን ልጅ!

"መቼ ሞተ?" አልኩ ደንግጬ።

"እሱን ባዶ ተይው" አሉ ጋሽ ዳልጮ። "ቀኑን የሚያውቅ የለም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልሳዕ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ስምንት ወር ሆነ፣ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ አይነሳም፤ እህቱ በፌስቡክ ብትጽፍ መልስ የለም። ከዚያ የተመለሰ አንድ ሰው ደግሞ "የቦዲቲ ልጅ ነው ያሉት ወጣት ሞቶ ተቀበረ፣ ስሙን አልያዝኩም" ብሎ ወሬ አመጣ። ሽማግሌዎች መከሩና ሬሳ ባይኖርም ቅዳሜ ድንኳን ተተክሎ ለቅሶ ይቀመጥ፣ እናትየው እርማቸውን ያውጡ ተባለ። እማማ ቦሼን ማን ጠየቃቸው? ማንም።

ጋሽ ዳልጮ ድንኳንና ወንበር ሊያፈላልጉ ወጡ። እኔ መተየብ ጀመርኩ። "ወጣት ኤልሳዕ በጸባዩ ምስጉን፣ ሰው አክባሪ፣ ለእናቱ ታዛዥ ነበር" ይላል። ነበር የምትለዋ ላይ ጣቴ እምቢ አለኝ። እማማ ቦሼ ቀና ሳይሉ በፌስታል የያዙትን የተቀቀለ ቦዬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ አውጥተው ዳና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

"የልጆቹ ሁሉ ቁልፍ አንተ ጋ ነው ይላሉ" አሉት።

ዳና የገባው ይመስለኛል፤ ፊቱን ወደያዘው ኮምፒውተር መለሰ። "እማማ፣ እሱን አላደርግም። የማንንም አድርጌ አላውቅም።"

"አንብብ መቼ አልኩህ? ምን እንደጻፈ፣ ለማን እንደጻፈ እኔ ምን ቸገረኝ። በሩን ብቻ ክፈትና፣ ሰው አለ ወይስ የለም፣ እሱን ንገረኝ። ከሌለ አለቅሳለሁ። ካለ ግን በቁሙ ላለቅስበት ነው?"

ዳና ብሎን መፍታቱን ቀጠለ። እኔ ነደድኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ነህ እንዴ? ልጁ ሊቀበር ነው እኮ! የማንን ምስጢር ነው የምትጠብቀው፣ የመቃብር?" ብዬ ጮህኩበት። ደንበኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን አገባቸው!

ዳና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ደከመኝ" አለ። ከዚያ ተነሳና ከመደርደሪያው ሥር የራሱን አሮጌ ዲስክ አወጣ።

ልጁ ፌስቡክ የሚገባበትን ኢሜይል የሚያውቅ የለም፤ ዝርዝሩ ያለው እዚያ አሮጌ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። ሰካው። ቲክ። ቲክ። ቲክ። የሰው ዲስክ ሲሞት ፊቱ የማይለወጠው ዳና አመድ መሰለ። ነቀለው፣ ጠበቀ፣ ሌላ ገመድ ቀየረ፣ በጎኑ አስተኝቶ እንደገና ሰካው። "ጌታ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" ሲል ሰማሁት። አራተኛው ላይ ተከፈተ። ሚስቱ ታማ ሳለ ያነሳት ፎቶም እዚያው ዲስክ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነፍስ ይማር፣ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ቀድሞ የገለበጠው ግን ዝርዝሩን ነው። ገልብጦ ሳይጨርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ዲስኩ ጭጭ ብሏል። ከዝርዝሩ የተገለበጠው ያህል ወጥቷል፤ ኤልሳዕ ውስጡ አለ፣ የሚስቱ ፎቶ ግን አልወጣም። ዲስኩን ነቅሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እኔ ግን ስለጮህኩበት አፈርኩ።

የኤልሳዕን ኢሜይል ጻፈ። ያንን የታወቀ ፓስወርድ ጻፈ። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

አልገባም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ዳና አነበበው፣ እንደገና አነበበው።

"የድሮ ፓስወርድ ነው ያስገባኸው ይላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ተቀይሯል ይላል" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "ፈጠነች፣ ቀየረው እኮ! አንድ ሰው ሰማኝ!" ሲስቅ ነው ሲያለቅስ መለየት አቃተኝ። እማማ ቦሼ "አለ ማለት ነው?" ብለው ክንዱን ያዙት።

ምን አፌን እንዳሳከከኝ እንጃ። "ሌባ ቢሆንስ የቀየረው?" አልኩ።

ዳና ሳቁ ደረቀ። ያንን ቁልፍ ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። ማንም ገብቶ ሊቀይረው ይችላል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና "የእኔ ጥፋት ነው፣ እማማ" አለ። "ድካሜን ለማቅለል ብዬ ለሁሉም አንድ ቁልፍ ሠራሁ። አሁን በሩ ሲዘጋ፣ ከውስጥ ያለው ባለቤቱ ይሁን ሌባ ይሁን መለየት አልችልም።" እንዲህ አፍሮ አይቼው አላውቅም።

ፓስወርድ ረሳሁ የሚለውን ተጫነው፤ ኮዱ ወደሱ ስልክ ቢመጣ ብሎ ነው። አልመጣም። ፌስቡኩ መጨረሻው አንድ ዘጠኝ ወደሆነ ስልክ ልኬያለሁ አለ፤ የማናውቀው ቁጥር ነው። እንደገና ተጫነው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ በቃህ ብሎ ዘጋበት።

ጋሽ ዳልጮ ደወሉልኝ፤ "ድንኳኑ ተገኝቷል፣ ወረቀቱ አለቀ?" ትንሽ ይቀረዋል አልኳቸው። እማማ ቦሼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ዳና ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

የዳና ስልክ ጮኸ። ቀና ሳይል፣ ኮድ ጠያቂ መስሎት፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ "አቤት" አለ።

"ጋሼ ዳና! አንተ ነህ እንዴ?" አለ አንድ የተቆጣ ወንድ። "ሰው ሊገባብህ ነው፣ ከሶዶ ነው የሚሞክረው የሚል መልእክት ሦስት ጊዜ መጣልኝ! ሶዶ ውስጥ የእኔን ኢሜይል የምታውቅ አንተ ነህ! የሰው ቤት መክፈት ጀመርክ? አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ቀይሩት ያልከን? ቀየርኩት! ምን ፈልገህ ነው? ነውር አይደለም? እኔ አንተን እንደ አባቴ…"

ዳና ስልኩን ወደ እማማ ቦሼ ገፋው። እኔ እሪ ልል ስል እማማ ቦሼ እጃቸውን አነሱ።

"ዝም በሉ" አሉ በሹክሹክታ። "ይቆጣ። ይቆጣልኝ።"

ልጁ ዳናን ሰደበው፣ አዋረደው፣ ጨርሶ ሳይጨርስ እንደገና ጀመረው። እናትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ድምፁ ሲደክም "ጨረስክ?" አሉት።

ስድቡ ተቋረጠ። ከዚያ "እማዬ?" አለ። የሚሠራበት ሱቅ እንደተዘጋ፣ ስልኩንም እንደቀየረ፣ ባዶ እጁን ምን ብሎ እንደሚደውል ጨንቆት እንደቆየ ነገራቸው። ነገ ነገ እያለ ስምንት ወር ሆነ።

"እጅህን ማን ጠየቀህ?" አሉት። "አንተ አንደበት የለህም? ቅዳሜ ለቅሶህ ነበር እኮ። ድንኳንህ ተገኝቷል፤ አጎትህ ወንበር ቆጥሮ ይዞልሃል። ፈጠነችም የሕይወት ታሪክህን ጨርሳለች። እስኪ አንብቢለት ልጄ፣ ይስማው።"

ምን ላድርግ? እንባዬን በክንዴ ጠረግሁና ከስክሪኑ ላይ አነበብኩ፤ የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ "ወጣት ኤልሳዕ በጸባዩ ምስጉን፣ ሰው አክባሪ፣ ለእናቱ ታዛዥ…"

"ቆይ" አሉ እማማ ቦሼ። "ሰው አክባሪ ይላል፤ አሁን ግን ዳናን እንዲያ ሲያዋርደው ሰምተናል። ዳና፣ ይቅር በለው።"

ዳና እሺ በሚል በእጁ ምልክት ሰጠ። ዲስኩን አቅፎ ተቀምጧል።

"ሰው አክባሪ የሚለው ይቆይ" አሉኝ። "ለእናቱ ታዛዥ የሚለውን ግን አጥፊው።"

ወዲያ ማዶ ልጁ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። አጠፋሁት።