ሚስ ቨርና ያልፈረመችበት ገጽ

ቨርና ቶሊቨር ዋሽንግተን ውስጥ፣ በምክር ቤት ኮሚቴዎች ፊት ሃያ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዛለች። ከምስክሩ ወንበር ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ፣ ትንሿን የአጭር ጽሕፈት መኪና ከጉልበቷ ፊት አቁማ ነበር የምትቀመጠው። ጄኔራል እንባው ሲመጣበት፣ ባንክ ያከሰረ ባለጸጋ እጁን አንሥቶ ሲምል፣ የሷ ፊት አይጠቁርም፣ አይፈካም። ጣቶቿ ብቻ ይሠራሉ።

እኔን ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ባል ያገባች ብትሆንም በአገራችን ልማድ ለአክብሮት ሚስ ቨርና እላት ነበር። የጻፈችውን ከድምፅ ቅጂው ጋር እያመሳከርኩ የማርመው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋርላንድ፣ እዚህ የምትሠራው በጆሮህ ነው፤ ልብህን ጠዋት ከኮትህ ጋር ስቀለው» አለችኝ። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያደገች የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤተ ክርስቲያንና ከሥራዋ ሌላ ብዙ የምትሄድበት አልነበራትም። ዓርብ ዓርብ በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ይዛ ትመጣና ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍላችን አብረን እንበላለን።

በዚያ ዓመት አገሩን ሁሉ ያነጋገረው የአንዲት የስለላ ሠራተኛ ጉዳይ ነበር። ሴትዮዋ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለጎረቤቶቿ የውሃ ፓምፕ ሻጭ ነኝ እያለች የኖረች ናት። ባለሥልጣኖቹ ያኔ ለጀመሩት ጦርነት ምክንያት ያደረጉት ወሬ ውሸት ነው ብላ ለአለቆቿ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ስሟና ሥራዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በየአገሩ በራቸውን ከፍተው ያስገቧት ሰዎች ነበሩ። ከነሱ የሁለቱ ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ስሟን ለጋዜጣው ማን ሰጠ? ኮሚቴው ይህን ለመጠየቅ የጠራው ዊትሎው ፕሩት የሚባል ሰው ነው። በአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ቢሮ የምስጢር ሰነዶች ጠባቂ ነበር። ሽንጡ የረዘመ፣ ልብሱ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው። ቀኝ እጁን አነሣ፣ ማለ፣ ተቀመጠ። ከዚያም ሦስት ሰዓት ሙሉ «አላስታውስም» አለ። በኋላ ጽሑፉ ላይ ስቆጥረው ሰባ አንድ ጊዜ ነው ያለው።

ሰብሳቢው ደንሊቪ ጠረጴዛ እየደበደቡ ጠየቁት። «አቶ ፕሩት፣ ለአለቃዎ ያቀበሉት፣ የሴትዮዋ ስም ያለበት ወረቀት፣ ምስጢር የሚል ማኅተም ነበረበት?»

ሰውየው ደክሞት ነበር መሰል፣ «ማኅተሙማ ነበረበት፣ ግን...» ብሎ ጀመረ። ከኋላው የተቀመጠው ጠበቃ እጅጌውን ጎተተው። ፕሩት ውሃ ጠጣ። «ጥያቄውን ይድገሙልኝ» አለ።

ሰብሳቢው አልደገሙትም። ወደ ካሜራው ዞረው ስለ አገር ክብር ረጅም ንግግር ጀመሩ። ማኅተም ካለበት ምስጢር መሆኑን እያወቁ ነው ያወጡት ማለት ነው፤ ቃሉ ግን ወለሉ ላይ ወድቆ ቀረ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አላነሣውም። ያነሣችው የሚስ ቨርና መኪና ብቻ ናት።

ዓርብ ዕለት ምሳ ላይ፣ «ሚስ ቨርና፣ እውነቱ አመለጠው እኮ!» አልኳት።

«ዓሣህን ብላ።»

«ሌላውን ግን እውነት ረስቶት ይሆን?»

ጣቷን በወረቀት ጠረገች። «የረሳ ሰው ትንሽ እንኳ ያስባል፤ ጣራ ያያል፣ ግንባሩን ያሻል። ይሄኛው ጥያቄው ሳያልቅ ነው የሚረሳው። ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ አንተ ልጅ፣ እንደዚህ ያቅለሸለሸኝ ግን የለም።»

አሥር ቀን ቆይቶ ከፕሩት ጠበቃ የእርማት ወረቀት መጣ። ደንቡ ምስክር የስም ፊደል ወይም ሰዋስው እንዲያርም ይፈቅዳል፤ የተናገረውን ግን መገልበጥ አይችልም። በሦስተኛው ተራ እንዲህ ይላል፦ «ገጽ 88፣ ‹ነበረበት› የሚለው ‹አልነበረበትም› ተብሎ ይታረም። ምክንያት፦ የጸሐፊዋ ስሕተት።»

ሚስ ቨርና መነጽሯን አወለቀች። «የጸሐፊዋ ስሕተት» አለች ቀስ ብላ። የድምፅ ቅጂውን ከፈትን፤ ሦስት ጊዜ ሰማነው። እንደ ደወል የጠራ ነበር።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወደ ብራንት ወጣን። ቀና ብሎም አላየን።

«ሰብሳቢው አይተውታል፣ ተስማምተዋል» አለ።

«እሳቸው አይደሉም እንዴ ጠረጴዛውን ሊሰብሩት የነበሩት?» አለች ሚስ ቨርና።

«ቨርና፣ ሁለቱም ወገን ተነጋግሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ሕግ ድምፅ እንፈልጋለን። ለአንዲት ቃል ብለሽ ቤቱን አታምሺው።»

«ቅጂው አለ። አሁኑኑ እንስማው።»

«ቅጂውን የጠየቀ የለም።»

«እኔ ጠየቅኩ።»

«አንቺ ምስክር አይደለሽም። የማረጋገጫውን ገጽ ፈርሚና አምጪው።»

ሚስ ቨርና አልጮኸችም። «ይሄ ሰው እጁን አንሥቶ ሲምል ከጎኑ ነበርኩ። እሱ ሲዋሽ ጻፍኩ፤ ሥራዬ ነው። በኔ እጅ ግን አይዋሽም» አለችና ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ፤ እስከ ደረጃው ድረስ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ስለ እህል ጎተራ ወደሚነጋገር ንዑስ ኮሚቴ አዛወሯት። ከሰዓት በኋላ ብራንት ለብቻዬ አስጠራኝ። «ጋርላንድ፣ አንተም ቃለ ጉባኤ የመያዝና የማረጋገጥ ፈቃድ አለህ አይደል? የሷ ወንበር ባዶ ነው» አለኝ። የማረጋገጫውን ገጽ ወደኔ ገፋ አደረገው። «ከላይ ያለው የተባለውን በትክክል የያዘ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። ይህን ምክንያት ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ውሃ አያነሣም። ፈረምኩ። ብዕሩ የራሴ ነበር።

ጥራዙ ሲታተም ገጽ 88 ላይ «አልነበረበትም» ይላል፤ ከመጨረሻው ገጽ ላይ የኔ ስም አለ።

ሚስ ቨርና የመጀመሪያ ጽሑፏን አያይዛ አቤቱታ ለሚሰማው ክፍል ጻፈች። ከአራት ወር በኋላ የሁለት መስመር መልስ መጣላት፦ ጉዳዩ በታተመውና በተረጋገጠው ቃለ ጉባኤ መሠረት ተመርምሮ ተዘግቷል። እኔ ባረጋገጥኩት ማለት ነው። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች የኛን ምድር ቤት አያውቁትም። እዚያ እያደር ይደፈርሳል።

ፕሩት አልተከሰሰም። ሰብሳቢው እንደገና ተመረጡ። እኔ ከምስክሩ ወንበር ሁለት እርምጃ ርቄ ተቀመጥኩ። ሰው እጁን አንሥቶ ሲምል ጣቶቼ አልቆሙም።

ሚስ ቨርና ከተዛወረች በስምንተኛው ወር ጡረታ ወጣች። አሁን በአንድ ኮሌጅ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመምህሩን ንግግር እየጻፈች በስክሪን ታስነብባለች። «ስለ እንቁራሪት ልብ ስጽፍ ነው የምውለው፤ እንቁራሪት ምን አላት፣ አትዋሽም» ብላ መሳቋን ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ባለፈው ፋሲካ ደፍሬ ደወልኩላት።

«ሚስ ቨርና፣ ጋርላንድ ነኝ።»

«ድምፅህን መቼ ረሳሁት።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ከኋላዋ ድስት ሲንጣጣ ይሰማኛል።

«እኔንማ ምን አደረግከኝ? ሥራ ነው ያጣሁት» አለች። «ይቅርታ የምትጠየቀው ሴትዮዋ ናት፣ ወሬያቸው የጠፋው እነዚያ ሁለት ሰዎችም ጭምር። ሂድና እነሱን ፈልግ።»

«የት ብዬ ነው የምፈልጋቸው?»

«እኔ እንጃ። ዓሣዬ ሊያርብኝ ነው፣ ደህና ሁን» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

የሴትዮዋን አድራሻ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ፈልጌውም አላውቅም።