ታደሰ ይዞት የወጣው ሰሃን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ በጾም ክትፎ መብላቴን ተናዝዤ፣ ይቺን ግን ዋጥ አድርጌ ተመልሻለሁ። ሌባ ነኝ። የሰረቅኩት ደግሞ የሰው ድፍረት ነው።

የልጅ ልጄ ሊዲያ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ሃይስኩል ስትማር፣ መምህርቷ የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል የምታስተምረው ታጋዮቹ የገዛ ሕይወታቸውን በሥዕል በተረኩባቸው መጻሕፍት ነበር። እኔ ካርቱን ነው ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን ሽማግሌ ጠይቆ አንድ ገጽ እንዲሥል ታዘዘ። ሊዲያ እርሳሷን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች።

"አባባ፣ እርስዎ ፕሮቴስት አድርገው ያውቃሉ?"

ምን ልበላት? እውነቱን? እውነቱ ይኸው። ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ እኔና ጓደኛዬ ታደሰ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን እናጥብ ነበር። ባለቤቱ እኛን ጠረጴዛ ላይ ያበላናል፤ ጥቁር አሜሪካዊውን ምግብ አብሳይ ግን ጓሮ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ። እናንተ እንደነሱ አይደላችሁም ይለናል። እኔ ደግሞ፣ አያችሁ ጉዴን፣ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ታደሰ ሰሃኑን አነሳ። ወደ ጓሮ ወጥቶ ከአብሳዩ ጎን ቁጭ ብሎ በላ። ሁለቱም በዚያው ተባረሩ። እኔስ? እኔ ዶሮዬን ጨረስኩ። አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩ። በማግስቱ የታደሰን ሺፍት ወሰድኩ።

ለሊዲያ ግን ሰሃኑን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ አልኳት። እኔ! የድስት ጆሮ የመሰለውን ጆሮዬን እንኳ አሳምራ ሣለችው። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የሚበላው ማን ነበር ስትለኝ፣ ታደሰ አልኳት። ሌላ ስም ጠፍቶኝ ነው? ውሸትም እኮ ይሉኝታ አለው።

ሥዕሎቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሰቀሉ ሊዲያ ታደሰን ከሚኖርበት ከሊትልተን ከተማ ጠራችው። ገጹ ፊት ቆሞ ስሙን አነበበ። እኔ መውጫ በር እፈልጋለሁ። ሊዲያ እንደዚያ አድርጋ ስለሣለችው ሶሪ ብላ አንገቷን ደፋች።

"ግድ የለም ልጄ፤ ርቦኝ ነበር" አላት።

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ነውሬን ተሸክሞልኝ፣ ሰበብም ጨመረልኝ። እኔ ግን ያን ቀን አልራበኝም ነበር።

ታደሰ ሞቷል። ቀብሩ ላይ ስለ እሱ ተናገር ሲሉኝ፣ ቀልድ ተናግሬ ሰው አሳቅኩ። ዛሬ ሊዲያ ራሷ አስተማሪ ናት፤ ያንን የመብት ትግል ታሪክ በዚያው በሥዕል ታስተምራለች። ትምህርቱን የምትጀምረው በእኔ ገጽ ነው። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች እኔን ያደንቃሉ፣ ታደሰን ይንቁታል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ሊዲያን ነው። ሊዲያ ደግሞ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ለምን ይመስላችኋል?