የእህቴ ድመትና ያልተከፈተው ጠርሙስ

ሃያ ዓመት ያህል እንስሳት ሳክም ድመት አክሜ አላውቅም ነበር። የእኔ ሥራ ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው። በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን ከቆላ የወጡ ግመሎችን አንበርክኬ እመረምራለሁ፤ በከሚሴ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ላም ምጥ ሲጠናባት እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ጥጃ አወጣለሁ። ድመት ግን ታመመች ሲሉኝ ወይ ትድናለች ወይ ትጠፋለች ብዬ የማልፋት ነገር ነበረች። አሁን ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከከሚሴ አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም አንቱ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሽርጥና የፎጣ ጫፍ እየቋጨች ለነጋዴዎች ታስረክባለች። ፊደል አልቆጠረችም። ግቢዋ ውስጥ አምስት ፍየሎችና አንዲት አመድማ ድመት አሏት። ለድመቷ ስም አላወጣችላትም፤ በኦሮምኛ «አዱሬ» ትላታለች፣ ድመት ማለት ነው። ድመቷ ግን ስሟ መስሏት «አዱሬ፣ ኮቱ»፣ ነይ፣ ስትባል ከየትም ብትሆን ትመጣለች።

ያን ክረምት ድመቷን መንዘፍዘፍ ጀመራት። እህቴ በስልክ ስትነግረኝ የሆድ ትል ይሆናል ብዬ ክኒን ላክሁላት። ሁለተኛ ስትነግረኝ እርጅና ይሆናል አልኋት። ለሦስተኛው አልደወለችልኝም።

የደወለችው ለልጇ ነው። ልጇ አውሮፓ ውስጥ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ እናቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር። ከሻንጣዋ ሽቶ፣ የእናቷ ጫማና ቸኮሌት ወጣ፤ ከእነሱ ጋር ከጣት የማይበልጥ ቡናማ ጠርሙስም ወጣ።

እኔ እንኳን ደህና መጣሽ ልላት ቤታቸው የደረስኩት ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ገና በሩን ሳልፍ የሆነውን አየሁ። ድመቷ መሬት ላይ በጎኗ ተዘርራ አራቱም እግሮቿ እንደ ሯጭ አየር ይመታሉ። አረፋ ከአፏ ይወጣል። እህቴ አጠገቧ ተንበርክካ «ያ ረቢ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽብኝ?» ትላለች። ልጇ ጠርሙሱን ይዛ ጥፍሯን የክዳኑ ማኅተም ላይ አድርጋለች፤ የእናቷ እጅ ደግሞ የእሷን አንጓ ጨብጧል።

«ወንድሜ ይምጣ ብያለሁ!» ትላለች እህቴ።

«አጎቴ፣ ንገራት እስቲ» አለችኝ ልጅቷ። «እኔ አገር ሰው ሁሉ ለውሻውም ለድመቱም ይሰጠዋል።»

«እኔ አገር» ስትል እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ምንድን ነው?» አልኋት።

«ሲቢዲ ይባላል። ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ዘይት ነው። ግን አያሰክርም።»

«ሐሺሽ ነው?» አለች እህቴ።

«አይደለም እማ! የሚያሰክረው ወጥቶለታል ይላል።»

«ይላል ማን?»

«ወረቀቱ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ስለዚያ ዘይት ከስሙ በቀር የማውቀው አልነበረኝም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያውቅ መስሎ መናገር ቀላል ነው፤ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ቀን ግን የእህቴ ዓይን ከለከለኝ። ስልኬን አውጥቼ ኮሌጅ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አዛውንት የእንስሳት ሐኪም ጋር ደወልኩና ሁላችንም እንድንሰማቸው ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«አሁን እየተንዘፈዘፈች ነው?» አሉ መምህሬ ገና ሳልጨርስ።

«አዎ፣ መምህር።»

«እንግዲያው በአፏ ምንም እንዳታስገቡ። ዘይትም፣ ውሃም፣ ጣትም። መጋረጃውን ዝጉ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ጭንቅላቷ እንዳይጋጭ ጨርቅ ከሥሯ አድርጉ። አንተ ሰዓት ያዝ።»

ያሉትን አደረግን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እግሮቿ ቆሙ፤ ቆዳዋ ግን ነፋስ እንደነካው ውሃ መንቀጥቀጡን አልተወም። በዚህ መሃል መምህሬ ስለ ጠርሙሱ ልጅቷን ጠየቋት።

«ለእንስሳ የተሠራ ነው ለሰው?»

አገላብጣ አነበበች። «ለሰው ነው መሰለኝ።»

«ከዘይቱ ሌላ ምን አለበት?»

«የብርቱካን ልጣጭ ዘይት… ለጣዕም።»

«እሱ ብቻውን ድመት ይጎዳል። ውስጡ ያለው በላብራቶሪ ስለመመርመሩ የሚያሳይ ወረቀት አለው?»

«የለውም። ግን የሚያሰክረው ወጥቶለታል ይላል።»

«የሚያሰክረው ወጥቶለታል የሚለው ሻጩ ነዋ። ልጄ፣ አንድ ውሻ አስታምሜ አውቃለሁ። ባለቤቱ ከውጭ ካመጣው ከዚሁ ተክል ከተሠራ ከረሜላ ዘርፎ በልቶ ነው። እንደ ሰካራም ይወላገዳል፣ ሽንቱ ያመልጠዋል፣ እጅ ስትዘረጊለት ሊመቱት የመጡ መስሎት ይበረግጋል። ዳነ፤ ግን ሁለት ቀን ፈጀበት። የሰው ከረሜላ ውስጥ ደግሞ ቸኮሌት አለ፣ ውሻ የሚገድል ማጣፈጫም አለ።»

ልጅቷ ጥፍሯን ከማኅተሙ ላይ አነሳች።

«ታዲያ ውሸት ነው የሚሉት?» አለች ቀስ ብላ።

«ውሸት ነው አላልኩም። ለውሻ የመገጣጠሚያ ሕመምና ለሚጥል በሽታ ይጠቅም ይሆን ብለው የሚያጠኑት አሉ። ግን በሐኪም እጅ ነው፣ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር። የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ካለ ይታያል፣ በጣም ከትንሹ ይጀመራል፣ ጉበቱ በየጊዜው ይመረመራል። የድመት ነገር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚታወቀው። የድመት ጉበት የእኛ ጉበት በቀላሉ የሚያወጣውን ብዙ ነገር ማውጣት አይችልም፤ ለእኛ ትንሽ የሆነው እሷ ላይ ይከማቻል። በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ ተክል የወጣ ነገር ሕግ ያስጠይቃል። ይዘሽው አትዙሪ።»

ከዚያ ድምፃቸው ወደ እኔ ዞረ። «አንተን ልጠይቅህ። ልታክም የተነሳኸው ምኑን ነው?»

«መንዘፍዘፉን ነው፣ መምህር።»

«በስንት ጊዜው ነው የሚነሳባት?»

«አልፎ አልፎ» አልኩ።

እህቴ ያኔ ብድግ አለች። ሳጥኗን ከፍታ ከመቋጫ ክሯ የተረፈ አንድ ረጅም ክር አወጣችና ጭኔ ላይ አኖረችው። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቋጠሮ ነው። አብዛኛው ቋጠሮ ነጭ፣ አልፎ አልፎ ቀይ ፈትል የተጠመጠመበት።

«በየቀኑ መግሪብ ሳልሰግድ አስራለሁ» አለች። «ነጩ ደህና የዋለችበት፣ ቀዩ የተንዘፈዘፈችበት ነው።»

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምረው ነው?»

«አንተ እርጅና ነው ካልክበት ቀን ጀምሬ።»

ቋጠሮውን በጣቴ እየተከተልኩ ለመምህሬ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ቀይ። አሥራ ሁለት ነጭ። ሁለት ቀይ። አሥራ ሁለት ነጭ። ሁለት ቀይ። ድምፄ እየቀነሰ እንደሄደ ትዝ ይለኛል። ከመጨረሻው ቀይ በኋላ አሥራ ሁለት ነጭ አለ፤ የዛሬው ገና አልታሰረም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ እኔ በስልክ በአንድ ቃል የሸኘሁትን በሽታ፣ ቀን በቀን ሳታዛንፍ በክር ጽፋዋለች። ሱብሃነላህ! እንዲህ የተጠነቀቀ የሕመም መዝገብ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

«በየአሥራ አራት ቀኑ» አሉ መምህሬ። «በሽታ እንዲህ በቀጠሮ አይመጣም፤ በቀጠሮ የሚመጣው ሰው ነው። እዚያ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ምን ይደረጋል?»

እህቴና ልጇ ተያዩ። ከዚያ ልጅቷ «ትናንት እማ ፍየሎቹ ላይ መድኃኒት ስታፈስ ነበር» አለች።

ያን መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ክረምቱ ሲገባ መዥገር ይበዛል ብዬ ጠርሙሱን በእጄ አምጥቼ፣ «እትዬ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ጀርባቸው ላይ ያፍስሱ» ያልኩት እኔ። ድመቷ ደግሞ ክረምት ክረምት የምትተኛው ፍየሎቹ መሃል ተወሽቃ ነው፤ ይሞቃታላ። ጠጉሯ ላይ የነካውን እየላሰች ትውጠዋለች።

የመድኃኒቱን ስም ለመምህሬ ነገርኳቸው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ፍየል ይችለዋል፣ ላም ይችለዋል፣ ውሻም በልኩ ይችለዋል። ድመት አትችለውም። ያው ያልኩህ ጉበት ነው። ይህን ክፍል አስተምሬህ ነበር።»

አስተምረውኝ ነበር። ለፈተና አጥንቼው፣ አልፌበት፣ ረስቼው ነው።

ልጅቷ ውሃ ለብ አደረገች። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ድመቷን ሁለት ጊዜ አጥበን በፎጣ ጠቀለልናት። ክብደቷን ሳላውቅ መርፌ መውጋት ስለማልችል ጎረቤት ባለ ሱቅ የሽንኩርት ሚዛኑን አዋሰን፤ ሦስት ኪሎ አልሞላችም። ከቦርሳዬ መንቀጥቀጥ የሚያስታግሰውን መድኃኒት አወጣሁ። በሬ የማስተኛበትን መርፌ ይዤ፣ ለእሷ የሚገባትን ስለካ፣ ዓይኔ በጭንቅ የሚለያት ጠብታ ብቻ ሆነች። መርፌውን ወደ ብርሃን ይዤ እንደገና ለካሁ።

ከወጋኋት በኋላ ሁለት ጣቴን ከክንዷ ሥር ደረቷ ላይ አኖርኩ። የግመል ልብ ስትሰማ በዝግታ የሚወቀጥ ሙቀጫ ነው። የእሷ ግን ይበርራል፤ መምታቱን እንኳ መለየት አቃተኝ። ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ነገር በዚያ ፍጥነት፣ ያለ ዕረፍት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ኖሯል። እኛ እዚያ ላይ ስንቱን ነገር ልናንጠባጥብበት ደፍረን ነበር። ቀስ በቀስ ቆዳዋ ረጋ። ልቧም ከበረራ ወደ ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ እርምጃ ወረደ። ሁላችንም ዝም ብለን ፊቷን እናያለን። እንዲያ ያለ ዝምታ የማውቀው መስጊድ ውስጥ ብቻ ነው።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ስመለስ ድመቷ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች። ጠዋት የተቀቀለ ጉበት በልታለች አሉኝ። እህቴ ፊት ቆሜ፣ «እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ። እኔ ነኝ የመረዝኳት» አልኳት።

አየችኝና ሳቀች። «አንተ ምን ታደርግ፣ የግመል ሐኪም ነህ! አላህ ያላለው አይሆንም። ግን ከእንግዲህ ደጋግሜ ስነግርህ ስማኝ።»

ያ ሳቅ ከስድብ በላይ ተሰማኝ። ለፍየሎቹ ድመት የማትገባበት በረት አሠራሁላቸው፤ የሚፈሰውንም መድኃኒት ለወጥኩት። ልጅቷ ጠርሙሷን እንደታሸገ ሰጠችኝ፤ ለቢሮዬ አሳውቄ ጊዜ ካለፈባቸው መድኃኒቶች ጋር ተቃጠለ። ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት፣ «አጎቴ፣ እዚያ የማውቃት ሴት ለድመቷ ትሰጠዋለች። ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ሐኪሟ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂያት» አልኳት። «በመጀመሪያ ግን ድመቷ የታመመችው ምን ሆና እንደሆነ ጠይቂያት።»

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን የመዥገር መድኃኒት ለምሰጠው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «ቤታችሁ ድመት አለች?» ስል መጀመሪያ ይስቃሉ። አንድ ቀን ሰንበቴ ላይ፣ ሃምሳ ፍየል የነዳ ከቆላ የመጣ ነጋዴም እንደ ሌሎቹ ሳቀብኝ። የምጠይቅበትን ምክንያት ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመ።

«ባለፈው ክረምት ሦስት ድመቶች ተንዘፍዝፈው ሞቱብን» አለኝ። «ልጆቼ ጂን ነው ብለው ቤቱን እስከ ዛሬ ይፈሩታል። በል፣ ያልከኝን እንደገና ንገረኝ፤ ቃል በቃል ልንገራቸው።»

እንደገና ነገርኩት።